አስታማሚዋንስ ማን ያስታምማት?

ቢስሚላሂ ራህማኒ ራሂም

የታመመ ሰው ወዳለበት ቤት ስንገባ የምንጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። «እንዴት አደሩ? ዛሬስ እህል ቀመሱ?» እንላለን። ለበሽተኛው ዱዓ እናደርጋለን፤ ይዘን የሄድነውን ብርቱካንና ስኳር እናስረክባለን፤ የቀረበልንን ቡና ጠጥተን «አላህ ዓፊያ ያድርግልን» ብለን እንወጣለን። ያንን ቡና ያፈላችው ግን ሌሊቱን በሽተኛውን ስታገላብጥ ያደረችው ራሷ ናት። የእኛ መምጣት ሥራዋን ጨመረባት እንጂ አልቀነሰላትም። «አንቺስ እንዴት አደርሽ? እንቅልፍ አገኘሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ከመቶ ሰው አንድ ቢገኝ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች ሴት ነው። አስታማሚው ወንድ የሚሆንበት ቤት እንዳለ እናውቃለን፤ በአብዛኛው ግን እሷ ሴት ልጅ ናት፣ ሚስት ናት፣ እናት ናት፣ ወይም ምራት ናት። ልንለው የፈለግነውም ባጭሩ ይህ ነው፦ በሽተኛን ማስታመም የቤተሰቡ ሁሉና የጀመዓው ሁሉ ኃላፊነት ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ጥለነዋል። ለእርሷ በታወቀ ቀንና ሰዓት እረፍት መስጠት ውለታ አይደለም፤ ልንከፍላት የሚገባ ሐቋ ነው።

ይህን የምጽፈው ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። አባታችን ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ጅማ ቤታቸው በተኙባቸው ዓመታት ያስታመመቻቸው እህቴ ነበረች። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በየወሩ ገንዘብ እልክ ነበር፤ በዚህም ግዴታዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስልክ ደውላ፣ «ወንድሜ፣ የላክኸው ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። ግን አንድ ሳምንት መጥተህ አንተ አብረሃቸው ብታድር፣ እኔም ተኝቼ ባድር» አለችኝ። «ሥራ በዝቶብኛል፤ ከረመዳን በኋላ እመጣለሁ» አልኳት። ከረመዳን በኋላ አባታችን በሕይወት አልነበሩም። ለቀብር ደረስኩ፤ ለአንዲት ሌሊት እንቅልፍ ግን አልደረስኩም። የእህቴ ወገብ ዛሬም አልዳነም። በአላህና በባሪያው መካከል ያለ ጥፋት በተውባ ይማራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልማረ በቀር እንደማይሰረዝ ሁላችንም ተምረናል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም።

እፎይታ ማለት ምን ማለት ነው?

በባሕር ማዶ አገሮች ይህ አሠራር የራሱ ስም፣ የራሱ ሕግና የራሱ በጀት አለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ የሚያስታምም ሰው ለጥቂት ሰዓት፣ ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ቀናት ከሥራው ያርፋል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ሰው ይተካዋል። እኛ «የአስታማሚ እፎይታ» ብንለው ይስማማዋል። መልኩ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ተተኪው ሰው ወደ በሽተኛው ቤት የሚመጣበት ነው። ሁለተኛው በሽተኛው ወይም አካል ጉዳተኛው ልጅ ቀን ቀን ወደ አንድ ማዕከል ሄዶ የሚውልበት ነው። ሦስተኛው በሽተኛው ለጥቂት ቀናት በተዘጋጀ ስፍራ የሚያድርበት ነው።

እንግሊዝ አገር ነገሩ ወደ አደባባይ የወጣው በአንዲት አስታማሚ ነው። ሜሪ ዌብስተር የምትባል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ወላጆቿን ለማስታመም ሥራዋን ለቀቀች፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህንኑ ችግር ገልጣ ለጋዜጦች ደብዳቤ ጻፈች። በየቤቱ ተደብቀው የነበሩ ብዙ ሴቶች «የእኔም ኑሮ ይኸው ነው» እያሉ መልስ ሰጧት፤ ማኅበርም ተቋቋመ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የአስታማሚዎችን ችግር መንግሥት እንዲመዝን የሚያዝዝ ሕግ ወጣ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2006 በዚሁ እፎይታ ላይ ያተኮረ ሕግ አወጣች። ይህን የምንጠቅሰው ፈረንጅ ያደረገው ሁሉ ይበጀናል ለማለት አይደለም። አንዲት ሴት የደከማትን ያህል ደፍራ ብትናገር ምን ያህል በር እንደሚከፈት ለማሳየት ነው።

በአገራችንስ? በዚህ ስም የሚጠራ አገልግሎት ባይኖርም ወደ እርሱ የሚቀርቡ ጅምሮች ታይተዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ችግር ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ። እንዲህ ያለ ማዕከል ለልጁ ትምህርት ነው፤ ለእናትየው ደግሞ በሩን ከፍታ ወደ ገበያ ወይም ወደ ሥራ የምትወጣበት ሰዓት ነው። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመንም፣ ቀብር ለማስፈጸም የተቋቋሙ እድሮች በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሥልጠና የወሰዱ ሰዎችን በየቤቱ እየላኩ የተኙትን ይንከባከቡ ነበር። የእድር ሥራ ከሬሳ ሊጀምር የግድ እንዳልሆነ ያ ዘመን አስተምሮናል።

ረዳት የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ከጎዳና የሚያነሡ እንደ መቄዶንያ ያሉ ድርጅቶችም አሉ፤ አላህ ሥራቸውን ያቅናላቸው። ነገር ግን እነዚህ የሚቀበሉት ሰው የሌለውን ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው ላለው በሽተኛ «እሱ እንኳ ሰው አለው» ብለን እናልፋለን። ያ «ሰው» የተባለውስ ማን አለው?

ጅማና የቡና ከተሞቿ

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰቃ፣ በጌራ ኑሮ የሚዞረው በቡና ነው። እሸቱ የሚቀላው ደግሞ ማንም እስኪመቸው ጠብቆ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የቀላውን እየመረጡ፣ ወደዚያው እግር ደጋግሞ እየተመለሱ መልቀም ያስፈልጋል። ሳምንት የታለፈ እሸት ይረግፋል፤ ወይም ዛፉ ላይ ደርቆ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ በለቀማ ወቅት እጅ ያለው ሁሉ ይወጣል። ልጅ አዋቂ ሳይል ይለቅማል፤ ሴቶች በማጠቢያ ጣቢያው በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ያገላብጣሉ፤ በመጋዘን ተቀምጠው ይለቅማሉ። የዓመቱ ልብስ፣ የልጆች ደብተርና የብድር ክፍያ የሚገኘው ከእነዚህ ወራት ነው።

እንግዲህ በዚህ ወቅት አልጋ ላይ የዋለ አባት፣ የመርሳት ሕመም ያደረባት እናት ወይም መራመድ የማይችል ልጅ ያለበትን ቤት እናስብ። ምርጫው ሁለት ነው። ወይ አስታማሚዋ ትቀርና የዓመቱ ገቢ ይጎድላል፤ ወይ በሽተኛው ውኃ በአጠገቡ ተቀምጦለት፣ በሩ ተዘግቶበት ይውላል። በሩ የሚዘጋው ከክፋት አይደለም። ከሁሉ የከፋው የአእምሮ ሕመም ያለበት ቤት ነው፤ ታማሚው ወጥቶ እንዳይጠፋ ተብሎ ታስሮ የሚውልበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ጨካኞች ናቸው ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ በዚያ ቀን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅላቸው ሰው አቅርበንላቸው ነበር ወይ ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

መንግሥት የዘረጋው አሠራር የበሽተኛውን ሕክምና እንጂ የአስታማሚዋን ሰዓት አይቆጥርም። ሊሙ ኮሳን እንውሰድ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዱ ሊሙ ኮሳ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ብር እያዋጡ፣ የአንዱን የሕክምና ወጪ ሁሉም እንዲሸከም ማድረግ እንደሚቻል የቡና ገበሬው በተግባር አይቶታል። መድኑ የካርድና የመድኃኒት ወጪ ይሸፍናል፤ ሌሊቱን ማን ተክቶ እንደሚያድር ግን አይጠይቅም። ደመወዝተኛዋም ብትሆን ከዚህ የተሻለ ነገር የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለከባድና ልዩ ሁኔታ የተፈቀደው ደግሞ ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ እሱም በዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ ነው። አባቷ ሲሞቱ ሕጉ ሦስት ቀን ይከፍላታል፤ አባቷ ሳይሞቱ የምታስታምምበት ደመወዝ ያለው ቀን ግን የላትም።

ሆስፒታል ስንሄድም እንዲሁ ነው። ለበሽተኛው አልጋ አለው። አስታማሚው ካርቶን ወይም ምንጣፍ አንጥፎ ከአልጋው ሥር ያድራል፤ መድኃኒት ሊገዛ ይሮጣል፤ ምግብ ያመላልሳል፤ ናሙና ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። በአገራችን ሆስፒታሎች ያለ አስታማሚ የሚሠራ ክፍል ያለ አይመስልም። ያም ሆኖ የአስታማሚው ስም በየትኛውም ካርድ ላይ በበሽተኛነት አይጻፍም፤ እሱ ራሱ ወድቆ እስኪገባ ድረስ።

ዲናችንስ ምን ያስተምረናል?

ወላጅን በእርጅናው ጊዜ መንከባከብ ምን ያህል የከበደ ትእዛዝ እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በሱረቱል ኢስራእ 23ኛውና 24ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) እርሱን ብቻ ከማምለክ ትእዛዝ ቀጥሎ ያስቀመጠው ለወላጅ መልካም መዋልን ነው፤ የመሰልቸት ቃል እንኳ እንዳይወጣን ከልክሎናል። ይሁንና ይህን አንቀጽ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ለሴት ልጃችን ነው። ትእዛዙ ግን የወረደው ለልጅ ሁሉ ነው። የወንድ ልጅ ግዴታ በእህቱ ድካም አይወርድለትም። ገንዘብ መላክም መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ አባትን አያገላብጥም።

ስለ ምራትም አንድ ነገር እንበል። ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት እንደሚሉት የባልን ወላጆች ማገልገል በሚስት ላይ በሸሪዓ የተጣለ ግዴታ አይደለም፤ ፈቅዳ ብታደርገው ትልቅ አጅር የምታገኝበት ኢህሳን ነው። ግዴታው የባልየው ነው። ስለዚህ እናቱን የምታስታምምለት ሚስት ያለችው ሰው በቀን አንድ ጊዜ ሊያመሰግናት፣ በሳምንት አንድ ቀን ሊተካት ይገባዋል።

የማስታመም ሥራ በዲናችን ምን ያህል ክብር እንዳለው ለማወቅ የበድርን ዘመቻ እናስታውስ። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ በድር ሲወጡ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) አልዘመቱም። ሚስታቸው፣ የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ታማ ስለነበር እንዲያስታምሟት መዲና ቀሩ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑስማን የበድር ተሳታፊ አጅርና ከምርኮውም ድርሻ እንዳላቸው ነገሯቸው። ልብ እንበል፤ ከአስታማሚነት የተነሳ የቀረ ሰው ከዘማች እኩል ተቆጠረ፤ ድርሻው በዱዓ ብቻ ሳይሆን በእጅ በሚጨበጥ ንብረትም ተሰጠው። አስታማሚውም ወንድ ነበር።

ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ በጁሙዓ ቀን ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ መታመማቸው ተነግሯቸው ወደ እርሳቸው ሄዱ፤ ጁሙዓውንም ተዉት። ከዚህና ከመሳሰሉት በመነሳት ሊቃውንት ተተኪ ለሌለው አስታማሚ ከጁሙዓ የመቅረት ሩኽሳ አለው ብለዋል። ሸሪዓ ከጁሙዓ ሶላት ይቅርታ ያደረገለትን ሰው እኛ ምን እናደርገዋለን? «ከለቅሶ ቀረች፣ ከሰርግ ቀረች፣ ሰው ጠላች» ብለን እናማታለን። እድሩም ቀብር ላይ ስሟ ሲጠራ ባለመገኘቷ ይቀጣታል። አላህ ያቀለለውን እኛ አከበድነው።

ከሁሉም በላይ የሰልማን አል ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ዘያራ ትምህርት ይሆነናል። ሰልማን ወንድማቸውን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ሊዘይሩ ሄደው የአቡ ደርዳእን ሚስት ተጎሳቁለው አገኟቸው። አቡ ደርዳእ ቀን በጾም፣ ሌሊት በሶላት ራሳቸውንም ቤተሰባቸውንም ዘንግተው ነበር። ሰልማን ታዲያ መክረው ብቻ አልሄዱም። አብረው በሉ፤ አብረው አደሩ፤ ባለቤቱ ለሶላት ሊነሱ ሲሉ «ተኛ» እያሉ አስተኟቸው። ለጌታም፣ ለራስም፣ ለቤተሰብም ሐቅ እንዳለ ነገሯቸው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰልማንን ቃል አጸደቁ። በፈቃዱ ዒባዳ የሚያደርግ ሰው እንኳ ለሰውነቱ ሐቅ ካለበት፣ በግዴታዋ ሌሊቱን የምትነጋው ሴት ሰውነትማ እንዴት ሐቅ አይኖረው? እኛም የምንፈልገው ጠያቂ እንደ ሰልማን ያለ ነው፤ ቡና ጠጥቶ የሚሄድ ሳይሆን ባለቤቷን አስተኝቶ የሚያድር።

ይህ የግለሰብ ደግነት ብቻ ሆኖም አልቀረም። የታሪክ ጸሐፊው ጠበሪ እንደዘገቡት ኸሊፋ አል ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ መራመድ ለማይችል ሰው አገልጋይ፣ ለዓይነ ስውርም መሪ መድበው ነበር። በካይሮም በ683 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1284) ሱልጣን ቀላውን ያስገነቡት ታላቅ ሆስፒታል ለወንድና ለሴት የተለያየ ክፍል ነበረው፤ የሚተዳደረውም በወቅፍ ገቢ ነበር። ሙስሊሞች የበሽተኛን ጉዳይ ለቤተሰቡ ብቻ ትተውት አያውቁም ነበር ማለት ነው። ረዳት ያጣን በሽተኛ መንከባከብ ፈርዱ ኪፋያ ነው ሲባልም ትርጉሙ ይኸው ነው። በቂ ሰው ከሠራው ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልሠራው ሁሉም ይጠየቅበታል። አንዲት ሴት ከአቅሟ በላይ እየተሸከመችው ከሆነ «በቂ ሰው ሠርቶታል» ብለን በአላህ ፊት መናገር እንችላለን?

የሚነሱ ተቃውሞዎች

«እናቴን ለባዕድ እጅ አልሰጥም፤ ዓይብ ነው» የሚል አለ። እፎይታ እናትን መስጠት አይደለም። ለሦስት ሰዓት ጎረቤት አጠገባቸው መቀመጡ እናትን ከልጅ አያለያይም። ልጅቱ ወድቃ ስትቀር ነው እናትየው ያለ ሰው የሚቀሩት።

«የቤታችን ምስጢር ይወጣል» የሚልም አለ። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤተሰቦች ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል በሕመሙ ምክንያት መገለል ደርሶብናል ወይም ይሰማናል ብለዋል፤ ከሦስቱ ከአንዱ በላይ የሚሆኑትም ሕመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ተተኪው ሰው ምስጢር የሚጠብቅ፣ በአማና የታወቀ መሆን አለበት። ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ ይመደብ፤ ዐውራም ይጠበቅ። አማና የጎደለበት ሰው ሁለተኛ አይላክ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከአስታማሚዋ ከራሷ ነው። «እረፍት ከጠየቅኩ አጅሬ ይቀንሳል፤ የተማረርኩ ይመስላል» ትላለች። እህቴ ሆይ፣ ሌሊት በሽተኛው ላይ ጮኸሽ ጠዋት አልቅሰሽ ታውቂ ይሆናል። «በተገላገልኩ» የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎብሽ ራስሽን እንደ ከሐዲ ቆጥረሽ ይሆናል። ይህ የድካም ምልክት እንጂ የኢማን ማጣት አይደለም። የእንቅልፍ ማጣት፣ የወገብ ሕመም፣ የምግብ መጥላት፣ ያለ ምክንያት መናደድ የሚሉት ሁሉ ሰውነት ሐቁን ሲጠይቅ የሚናገራቸው ቃላት ናቸው። አላህ ማንንም ከአቅሙ በላይ እንደማያስገድድ በሱረቱል በቀራ መጨረሻ ላይ ነግሮናል። አንቺም ራስሽን ከዚያ በላይ አታስገድጂ።

ምን እናድርግ?

የጅማ ገበሬ ለዚህ ሥራ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። ዳዶን ያውቃል። ዛሬ የአንተን ማሳ እንሠራለን፣ ነገ የእኔን፤ ተራው የታወቀ ነው፤ የቀረም ዕዳ አለበት። ይህንኑ ተራ ከማሳ ወደ በሽተኛ አልጋ ማምጣት ነው የሚቀረን። በበኩላችን የሚከተሉትን እናቀርባለን።

1ኛ. ከቤተሰብ እንጀምር። ወንድምና እህት ተሰብስበው ተራ ይጻፉ። ሩቅ ያለው ገንዘቡን ይላክ፤ በዓመት ፈቃዱ ደግሞ ራሱ መጥቶ ይተካ። «ሲመቸኝ» የሚባል ቀን አይመጣም፤ እኔ አይቼዋለሁ።

2ኛ. በየመስጂዱ ጀመዓ የቤት ለቤት ተራ ይቋቋም። ኢማሙ በሰፈሩ ውስጥ ስንት ቤት የተኛ ሰው እንዳለ ይወቁ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ሰው ተመድቦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ቀን፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ይቀመጥ። ሁለት መሆናቸው ለአማናም፣ በሽተኛውን ለማንሳትም ይበጃል። ዋናው ነገር ቀኑ አለመዛነፉ ነው፤ አስታማሚዋ ማክሰኞን እያሰበች ሰኞን ትችለዋለች።

3ኛ. እድሮቻችን፣ የሙስሊሞች ብቻ የሆኑትም ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር የምንጋራቸውም፣ ደንባቸውን ይመልከቱ። አስታማሚ ከቀብር ብትቀር ከቅጣት ነፃ ትሁን። ለሞተ ሰው ድንኳን የምንተክል ከሆነ በሕይወት ላለውም የሚበደር ተሽከርካሪ ወንበር፣ ፖፖና የላስቲክ አንሶላ በእድሩ መጋዘን ቢቀመጥ ወጪው ከባድ አይሆንም።

4ኛ. በለቀማ ወቅት ልዩ ዝግጅት ይደረግ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ለቀማ የማይወጡ እናቶችና ከትምህርት መልስ የሚገኙ ወጣቶች በአንድ ሰፈር ያሉትን ሁለት ሦስት በሽተኞች ተራ በተራ ቢጠብቁ የተዘጋው በር ይከፈታል። ከለቀማው ገቢ ትንሽ ለጠባቂዎቹ ቢቆረስም ሐላል ደመወዝ ነው።

5ኛ. ዘካና ሰደቃችንን ስናወጣ ድሃ አስታማሚዎችን እናስታውስ። ሥራዋን ትታ አልጋ ሥር የተቀመጠች ሴት ወጥታ አትለምንም፤ ስለዚህ ማንም አያያትም። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ከተዘረዘሩት ፈቂርና ሚስኪን ብትሆን ዘካ ይገባታል።

6ኛ. እውቀት እንፈልግ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ይታወቃል፤ ተማሪዎቹም በዙሪያው ባሉ ከተሞች ይሠማራሉ። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። ጀመዓው ተተኪዎችን ሰብስቦ «አስተምሩልን» ብሎ ቢጠይቅ በጥቂት ቀን የሚገኝ ትምህርት ነው። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው የመኝታ ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝ ሰው እህል የሚጎርሰው ቀና ብሎ ተቀምጦ ነው፤ ተኝቶ ከጎረሰ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስታማሚዋም በአንድ ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስምና ሰዓት፣ የሚወደውንና የሚያስፈራውን ነገር፣ የምትገኝበትን ስልክ ጽፋ ትተው።

ከዚያ በኋላ ትሂድ። የት ሄደሽ ነበር ብለን አንጠይቃት። ዘመድ ትጠይቅ፣ ገላዋን ትታጠብ፣ ሶላቷን ሳትቻኮል ትስገድ፣ ወይም ምንም ሳታደርግ ትተኛ። እረፍት ዓላማው ይኸው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዛሬ ጁሙዓ በኋላ ብዙዎቻችን በሽተኛ ልንጠይቅ እንወጣለን። ብርቱካኑን ይዘን እንሂድ፤ ደግ ነው። ቡናውን ግን እኛ እናፍላው። ከዚያም ያቺን ሴት፣ «አንቺ ግቢና ተኚ፤ እስከ መግሪብ እኛ አለን» እንበላት። መጀመሪያ እንቢ ትላለች። ሁለተኛ እንበላት። ለእህቴ ይህን ያላት ሰው አልነበረም፤ ልላት ይገባኝ የነበርኩት እኔ ነበርኩ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።